ገብረ ክርስቶስ ደስታ

ገብረ ክርስቶስ ደስታ (እ.ኤ.አ. 1932 – 1981) ኢትዮጵያዊ ሰዓሊ፣ ገጣሚና የሥነ ጥበብ መምህር ነበር። ረቂቅ ሥዕልን በኢትዮጵያ በማስተዋወቅና በአማርኛ ግጥሞቹ ይታወቃል።

ልጅነትና ትምህርት

ገብረ ክርስቶስ የተወለደው በሐረር ከተማ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር፤ እሱም ሥዕልን በመጀመሪያ ያየው ከእሳቸው ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳይንስ ማጥናት ቢጀምርም ሳይጨርስ ተወው። እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጀርመን ሄዶ በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ አጠና።

መምህርነትና ሥዕል

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በአለ ፈለገ ሰላም በተመሠረተው የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ካስተማራቸው መካከል ሰዓሊ ዘሪሁን የትምጌታና ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ይገኛሉ።

በዚያ ጊዜ የአገሩ ተመልካች የለመደው የቤተ ክርስቲያን ሥዕልንና ሰውን ወይም መልክዓ ምድርን በግልጽ የሚያሳይ ሥዕል ነበር። ስለዚህ አንዳንዶች የገብረ ክርስቶስን ሥራ ከውጭ የመጣና ኢትዮጵያዊነት የጎደለው ነው ብለው ነቀፉት። ሆኖም «ጎልጎታ» የተባለው ሥዕሉ ስቅለትን፣ ማለትም ከአባቱ ብራና ጋር የሚዛመድ ጉዳይን፣ በአዲስ መልክ ያቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን አገኘ።

ግጥም

በግጥሞቹ በተለመደው የስንኝ ምጣኔ አልታሰረም፤ የስንኞቹ ርዝመት እንደ ሐሳቡ ይለዋወጣል። «የጠፈር ባይተዋር» የሕዋ ዘመንን ወደ አማርኛ ግጥም ያመጣ ሥራው ነው። በይበልጥ የሚታወቀው ግን በባዕድ አገር የሚኖር ሰው የትውልድ ቀየውን ሲናፍቅ የሚያሳየው «ሀገሬ» ነው። ሥዕሉ ኢትዮጵያዊ አይደለም የተባለው ሰው ዛሬ በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወሰው በዚህ የአገር ፍቅር ግጥም ነው።

ስደትና ሞት

በደርግ ዘመን ከአገሩ ወጥቶ ተሰደደ። በመጨረሻም በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት በላውተን ከተማ ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 እዚያው አረፈ። ወደ አገሩ አልተመለሰም።

ቅርስ

ግጥሞቹ ከሞተ በኋላ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ ታትመዋል። በጀርመን ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፍቷል።