የማተሚያ ቤቱ ልጅ፦ ማክሃን ሲንግ

ሞያሌ ላደገ ሰው ናይሮቢ ሩቅ አገር አይደለችም። ወደ አዲስ አበባም ሆነ ወደ ናይሮቢ የሚወስደው መንገድ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እኛ መሀል ላይ ነን። ሸቀጡም፣ ሽልንጉም፣ የኳስ ወሬውም ከዚያ ይመጣል። የማክሃን ሲንግ ታሪክ ግን አልደረሰንም ነበር፤ እኔም ስሙን የሰማሁት ኮሌጅ ከገባሁ በኋላ ነው።

ልጅ ሳለሁ ጫኝና አውራጆች ክፍያ አነሰን ብለው ጥላ ሥር ቁጭ ሲሉ እመለከት ነበር። እስከ ቀትር ይጸናሉ። ከሰዓት አንዱ ተነስቶ ጆንያ ይሸከማል፣ ሌላው ይከተለዋል። እኛ ልጆቹ በመጀመሪያው ሰው እንስቅበት ነበር። ቤቱ ዱቄት ይኑር አይኑር ግን ማንም አይጠይቅም።

ለመሆኑ ማክሃን ሲንግ ማነው? በ1913 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ፑንጃብ ውስጥ ዛሬ የፓኪስታን በሆነች መንደር ተወለደ። በ1927 ኬንያ ወደነበረው አባቱ መጣና ትምህርቱን እንደጨረሰ በአባቱ ማተሚያ ቤት ሥራ ጀመረ። እንግዲህ ሰውየው የባለቤቱ ልጅ ነው፤ ሥራ ቢያቆምም ጦም አያድርም። ይህን ሳነብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

በ1935 የህንድ ሠራተኞች ማኅበር ጸሐፊ አድርጎ መረጠው። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ ስሙን ለውጦ የኬንያ ሠራተኞች ማኅበር ሆነ፣ በሩንም ለማንኛውም ዘር ከፈተ። ነገሩ የደግነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በቅኝ ግዛቷ ኬንያ ደመወዝ በቆዳ ቀለም ይለያይ ነበር፤ አውሮፓዊው ከላይ፣ ህንዳዊው መሀል፣ አፍሪካዊው ከታች። ህንዳዊው አናጺ መዶሻውን ቢያስቀምጥ አሠሪው በርካሽ የሚያነሳለት የተራበ ሰው አያጣም። ሁለቱ በአንድ ማኅበር ካልተገናኙ የአንዱ ረሃብ የሌላውን አድማ ያፈርሰዋል። ይሁን እንጂ በሩ ቢከፈትም ለረጅም ጊዜ አባላቱ በአብዛኛው ህንዳውያን ነበሩ።

በሚያዝያ 1937 ማኅበሩ ናይሮቢ ውስጥ አድማ ጠራ። አድማው 62 ቀን ቆየ። 62 ቀን ማለት እኮ ሁለት የቤት ኪራይ ነው! በእኛ አገር በ1974 የሠራተኞች አንድነት ማኅበር የጠራው የመጀመሪያው አጠቃላይ አድማ በአራት ቀን ነው በስምምነት ያበቃው። የናይሮቢዎቹ በመጨረሻ ከ15 እስከ 25 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ፣ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያደሙት ሁሉ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ስምምነት አገኙ። ያ የመጨረሻው ባይኖር ኖሮ በሚቀጥለው ጊዜ ማን ይወጣ ነበር?

በ1939 መጨረሻ ወደ ህንድ ሄደ። እዚያም እንግሊዞች አሰሩት፤ ከእስሩ በኋላም ከመንደሩ እንዳይወጣ ተደርጎ እስከ 1945 ቆየ። በ1947 ኬንያ ሲመለስ መንግሥት ሊያባርረው ሞከረ፣ አልተሳካለትም። ሜይ 1 ቀን 1949 ከፍሬድ ኩባይ ጋር የምሥራቅ አፍሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስን መሠረቱ፤ ኩባይ ፕሬዚዳንት፣ እሱ ዋና ጸሐፊ። መንግሥት ማኅበሩን አልመዘግብም አለ። በሚያዝያ 1950 ማክሃን ሲንግ ካሎሌኒ አዳራሽ ለተሰበሰበው ሕዝብ ኬንያ ሙሉ ነጻነት ይገባታል ብሎ በአደባባይ ጠየቀ። በቀጣዩ ወር ሁለቱም ተያዙ።

ታዲያ ናይሮቢ ቆመች። ሠራተኞቹ ዘጠኝ ቀን ገደማ ሥራ አቆሙ፤ ከጥያቄዎቻቸው አንዱ መሪዎቹ ይፈቱ የሚል ነበር። የቀን ገቢ እንጂ የአባት ማተሚያ ቤት የሌላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ እንጀራቸውን ለእሱ የተዉት። አስለቃሽ ጭስና ፖሊስ በተናቸው፤ እሱም አልተፈታም።

ከዚያ የእሱ ተራ መጣ። ወደ ሰሜኑ በረሃ ወሰዱት፤ ሎኪታውንግ፣ ማራላል፣ ዶል ዶል። ሎኪታውንግ ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ ናት፤ እንደ እኛው ሞያሌ ሙቀትና አቧራ የማያጣት ጠረፍ። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ያለ እሱ ኖሩ። ከ11 ዓመት በላይ ታስሮ በጥቅምት 1961 ተፈታ።

ከነጻነት በኋላ ሹመት አልተሰጠውም። ተቀምጦ የኬንያን የሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ ጻፈ፤ መጽሐፉ በ1969 ታተመ። በግንቦት 1973 በ59 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። ሁለተኛው ቅጽ የወጣው ከሞተ በኋላ፣ በ1980 ነው።