ዴኒ ዲዴሮ፦ የሌሎችን ጽሑፍ ሲሰበስብ የኖረው ሰው



በመጽሔታችን ገጾች የታላላቅ ሰዎች የሕይወት ታሪክ ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት የጦር መሪዎች፣ ነገሥታትና አገር ያናወጡ ተናጋሪዎች ናቸው። ዛሬ የምናቀርበው ግን የሕይወቱን 25 ዓመት ከሰው ጽሑፍ በመለመን፣ የመጣውን በማረምና ያልመጣውን ራሱ በመጻፍ ያሳለፈ ሰው ነው። በተማሪዎች ማኅበር መጽሔት ዝግጅት የተሳተፈ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ያውቀዋል። በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ እኔ እጽፋለሁ ያለው ጓደኛ ቀኑ ሲደርስ የውሃ ሽታ ይሆናል፤ ያልተጠየቀው ደግሞ ሠላሳ ገጽ ተሸክሞ ይመጣል። በዛሬው ጊዜ ምንጩ ለማንም ክፍት የሆነ የኮምፒውተር ፕሮግራም በኅብረት የሚሠሩ ማኅበረሰቦችም የዜና መጽሔታቸውን የሚያዘጋጁት ደመወዝ ከማይከፈላቸው ሰዎች ጽሑፍ እየሰበሰቡ በመሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል የአዘጋጅነት ዕጣ የወደቀበት ሰው በዲዴሮ ታሪክ ውስጥ የራሱን መልክ ሳያይ አይቀርም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውሳለን።

ዲዴሮ ኦክቶበር 5 ቀን 1713 ላንግር በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቢላዋና የሐኪም መሣሪያ የሚሠራ፣ በሙያው የተመሰገነ ባለ እጅ ነበር። አንባቢ ይህን እንዲይዝልን እንፈልጋለን። በአገራችን ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ቆዳ ሠሪው ፋቂ እየተባለ ሲናቅ እንደ ኖረ ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ዘመን ፈረንሳይም ቢሆን የእጅ ሥራ ከሊቃውንት መጽሐፍ የሚገባ ቁም ነገር ተደርጎ የሚቆጠረው ከስንት አንድ ነበር። ልጁ በኋላ ለባለ እጆች የሰጠው ክብር ከአባቱ ቤት የወጣ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

በኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1732 ከፓሪስ ዩኒቨርሲቲ በማስተርነት ተመረቀ። ቤተሰቡ ካህን ወይም የሕግ ሰው ይሆናል ብሎ ሲጠብቅ እርሱ በሕግ ጸሐፊ ቤት ጥቂት ሰንብቶ ተወው፤ ከዚያም የሰው ልጅ እያስተማረና ከእንግሊዝኛ መጻሕፍት እየተረጐመ ከእጅ ወደ አፍ በሆነ ኑሮ ፓሪስ ውስጥ ዓመታት ገፋ። በ1743 ከእናቷ ጋር በስፌትና በዳንቴል የምትተዳደር አንቷኔት ሻምፒዮን የምትባል ሴት ለማግባት ፈቃድ ሲጠይቅ አባቱ ገዳም ውስጥ አስዘጋበት። ከገዳሙ አምልጦ በድብቅ አገባት።

ትልቁ ሥራ የመጣው በንግድ መንገድ ነው። ሌብሬቶን የሚባል የፓሪስ መጽሐፍ አሳታሚና ባልደረቦቹ፣ እንግሊዛዊው ቼምበርስ በ1728 ያወጣውን ባለ ሁለት ቅጽ ኢንሳይክሎፒዲያ በፈረንሳይኛ አስተርጉመው ለመሸጥ አስበው ነበር። የመጀመሪያው ውጥን ከሸፈ፤ የመጀመሪያው አዘጋጅም ለቀቀ። በኦክቶበር 1747 ዲዴሮና የሒሳብ ሊቁ ዳላምቤር ሥራውን ተረከቡ። ሁለቱ ወዲያው ነገሩን ለወጡት። የእንግሊዙን መጽሐፍ መተርጐም ቀርቶ በዘመኑ የታወቀውን ዕውቀት ሁሉ በፊደል ተራ የሚያቀርብ፣ እያንዳንዱን ጉዳይ በሚያውቀው ሰው የሚያስጽፍ አዲስ ሥራ እንዲሆን ቆረጡ። አንድ ሰው ሁሉን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሰው መሰብሰብ ግድ ሆነ።

መጽሐፉ ገና መውጣት ሳይጀምር በጁላይ 1749 ዲዴሮ ስለ ዓይነ ስውራን በጻፈው መጽሐፍ ምክንያት ተይዞ ቫንሴን በተባለው ግንብ ታሰረ። አሳታሚዎቹ ገንዘባቸው በእሱ ላይ ስለተንጠለጠለ ለመንግሥት አቤት አሉ። እርሱም ከእንግዲህ እንደዚያ ያለ ነገር እንደማይጽፍ ቃል ገብቶ ፈረመና በኖቬምበር ተፈታ። ይህን ፊርማ እንደ ድክመት የሚቆጥሩበት አሉ። ነገር ግን የመቶ ሰው ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ሲሆን ሰማዕትነት ለራስ ብቻ የሚደረግ ምርጫ አለመሆኑን ማሰብ ይገባል።

እንግዲህ ጽሑፍ የመለመኑ ዘመን መጣ። በመጨረሻ ስማቸው የሚታወቅ 140 ያህል ሰዎች ጽሑፍ አቅርበዋል፤ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ ቄሶች፣ መኮንኖች፣ የቢራና የሰዓት ሥራ ዐዋቂዎች ነበሩባቸው። ዶልባክ ስለ ኬሚስትሪና ስለ ማዕድን፣ ኬኔ ስለ እርሻና ስለ እህል ጻፉ። ሞንቴስኪዩ ስለ ዲሞክራሲና ስለ አምባገነን አገዛዝ እንዲጽፍ ሲለመን እነዚህን ጉዳዮች ቀድሞ ጽፎ ጨርሻለሁ ባይ ሆነና በምትኩ ስለ ጣዕምና ውበት አቀርባለሁ አለ። እሱም ሳያልቅ በ1755 ሞተ፤ የተገኘው ጅምር እንደ ጅምርነቱ ታተመ። ሩሶ የሙዚቃው ክፍል ተሰጥቶት በሦስት ወር ውስጥ አስረከበ። ራሱ በኋላ እንደ መሰከረው በተባለው ቀን ዝግጁ ሆኖ የተገኘው እርሱ ብቻ ነበር፤ ሥራው ግን የችኮላ እንደ ነበረ አልደበቀም። እንግዲህ አዘጋጅ ሆኖ ከሁለቱ የትኛውን ይመርጧል?

ዲዴሮ ያወጣው ደንብ ቀላል ነበር። በእያንዳንዱ ጽሑፍ መጨረሻ የጸሐፊው ምልክት የሚሆን ፊደል ይታተማል፤ ምስጋናውም ወቀሳውም የባለቤቱ ነው። የራሱን ጽሑፎች በኮከብ ምልክት ለየ። ሁለት ጸሐፊዎች የማይስማሙበት ነገር ቢኖር አንዱን በሌላው ልክ ቆርጦ ከማስተካከል ይልቅ አንባቢውን ከአንዱ ጽሑፍ ወደ ሌላው እንዲመለከት በማመልከቻ ይመራዋል። ይህ ማመልከቻ ሳንሱርን ለመሸወድም አገልግሏል፤ ገለልተኛ በሚመስል ርዕስ ሥር ሥራ ፈት መርማሪ የማይደርስበት ነገር ይቀመጥ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የእጅ ሥራው ክፍል ነው። የሙያ ማኅበራት ጥበባቸውን ከልጅ ወደ ልጅ ደብቀው ያስተላልፉት በነበረበት ጊዜ ዲዴሮ የመስተዋት፣ የወረቀት፣ የብረትና የሐር ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ማንም ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ማውጣት ፈለገ። ዛሬ ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሠሩትን ምንጩን ከፍተው ለሁሉ እንደሚለቁት መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ የምስጢሩ ባለቤት ፈቃደኛ አለመሆኑ ነው። ጠያቂውን ግብር ሰብሳቢ ወይም የሥራ ተቀናቃኝ አድርጎ የሚጠረጥረው ብዙ ነበር። ፈቃደኛ የሆነውም ቢሆን እጁ የሚያውቀውን አፉ መናገር ይሳነዋል። ስለዚህ ዲዴሮ ከአውደ ሥራ አውደ ሥራ እየዞረ ጠየቀ፣ መኪናዎች ተፈታተው ሲገጠሙ ተመለከተ፣ አንዳንዱን በእጁ ሞከረ። የካልሲ መሥሪያው መኪና እጅግ የተወሳሰበ ስለ ነበር ስለ እርሱ የጻፈው ረጅም ጽሑፍ ዛሬም ይደነቃል። ጉሲዬ የተባለ ሠዓሊ አብሮት እየዞረ ከዘጠኝ መቶ በላይ የሥዕል ገጾችን ነደፈ። ነገር ግን ሁሉ ንጹሕ ነበር አንልም፤ የሳይንስ አካዳሚው ለብዙ ዓመት ካሠራቸው ሥዕሎች ተገልብጠዋል የሚል ክስ በ1759 ተነሥቶ አዘጋጆቹን አሳፍሯቸዋል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎችም አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በ1756 በወጣው ስድስተኛው ቅጽ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያውያን ፍልስፍና የሚናገር ጽሑፍ አለ፤ የጻፈውም ዲዴሮ ራሱ ነው። የፍልስፍና ታሪክን በሚመለከቱት ጽሑፎቹ እንደ ልማዱ ሁሉ የተመረኮዘው ብሩከር የተባለው ጀርመናዊ በላቲን በጻፈው ታሪክ ላይ ነው። ስለ ካልሲ መኪና ባለሙያውን ፈልጎ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ስለ እኛ ሲጽፍ ከሦስተኛ እጅ ወሬ አላለፈም። በዚያን ጊዜ ጎንደር ላይ ኢዮአስ ነግሦ፣ የቅኔና የትርጓሜ መምህራን ጉባኤ ዘርግተው ነበር፤ ከፓሪስ እስከዚያ ድረስ ጽሑፍ የሚለምን ደብዳቤ ሊደርስ ይቻል ነበር ማለታችን አይደለም፤ ግን ከባለቤቱ ያልተጠየቀ ጽሑፍ ምን ያህል ቀጭን እንደሚሆን እዚያው በራሱ መጽሐፍ ውስጥ ይታያል።

የመጀመሪያው ቅጽ በ1751 ወጣ። በፌብሩዋሪ 1752 የንጉሡ ሸንጎ ሁለቱን ቅጾች አገደ። የመጻሕፍት ሳንሱር ኃላፊው ማልዜርብ የዲዴሮን ወረቀቶች እንዲወርስ በታዘዘ ጊዜ አስቀድሞ መልእክት እንደ ላከበትና መሸሸጊያ ሲጠፋ ወረቀቱን በራሱ ቤት እንዳስቀመጠለት የዲዴሮ ሴት ልጅ ጽፋለች። የወራሹን ቤት ማን ይፈትሻል! እገዳው ላልቶ ሥራው እንደገና ቀጠለ። በ1757 ግን አንድ ሰው ንጉሡን በጩቤ ወጋ፤ ከዚያ በኋላ ስለ መጻሕፍት የነበረው ቁጥጥር ጠበቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ በወጣው ሰባተኛ ቅጽ ዳላምቤር ስለ ዤኔቭ የጻፈው ጽሑፍ የከተማይቱን ቀሳውስት አስቈጣ፤ ሩሶም በ1758 በይፋ ተቃውሞ ወጥቶ ከወዳጆቹ ተለየ። ዳላምቤር ሥራውን ጥሎ ሄደ። ቮልቴር ሁሉም እንዲለቅ እየመከረ የራሱን ጽሑፎች መልሱልኝ አለ። በማርች 1759 የማሳተሚያው ፈቃድ ተሰረዘ፤ ሮማም መጽሐፉን አወገዘች።

ዲዴሮ ብቻውን ቀረ ማለት ይቻላል። ሆኖም ፓሪስ ውስጥ በሩን ዘግቶ ቀጠለ፤ መንግሥትም እያወቀ እንዳላወቀ ሆነ። ከደንበኞች አስቀድሞ ከተሰበሰበው ገንዘብ ለእያንዳንዳቸው 72 ሊቭር እንዲመለስ በታዘዘ ጊዜ ሊወስድ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም ይባላል።

በዚህ ጊዜ ሥራውን የያዘለት ሰው በታሪክ ውስጥ ብዙ የማይነሣው ሼቫሊየ ዦኩር ነው። የመኳንንት ልጅ ሆኖ ሕክምና የተማረ፣ ብዙ ዓመት የደከመበት የሕክምና መዝገበ ቃላት ረቂቅ ከመርከብ ጋር የሰጠመበት ሰው ነበር። አንድ ሳንቲም ሳይከፈለው፣ ጸሐፊዎች በራሱ ገንዘብ ቀጥሮ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጻፈ። የጸሐፊዎቹን ደመወዝ ለመክፈል ቤቱን ሸጠ፤ የገዛውም በዚሁ መጽሐፍ የበለጸገው ሌብሬቶን ነው። ከ72,000 ያህል ጽሑፎች 17,000 ያህሉ የዦኩር ናቸው፤ የባሪያን ንግድ በግልጽ የሚያወግዘውም ከእነዚህ አንዱ ነው። ዲዴሮ የእርሱን አጻጻፍ አልፎ አልፎ ቢያሾፍበትም ያለ እርሱ መጽሐፉ እንደማይፈጸም ያውቅ ነበር። ተመስጋኙ ሌላ፣ ደካሚው ሌላ የሚሆንበት ነገር በእኛም ማኅበር ያልታየ አይደለም።

ከዚያ ሁሉ የከፋው በኖቬምበር 1764 ሆነ። የመጨረሻዎቹ አሥር ቅጾች ባንድነት እንዲወጡ እየታተሙ ሳለ ዲዴሮ ስለ ሣራሴኖች የጻፈውን አንድ ጽሑፍ ለመመልከት ከታተመው ገጽ ላይ ቢያወጣው የራሱ አልሆነም፤ ተቆራርጧል። ሌላውን አየ፤ እርሱም እንዲሁ ነው። ሌብሬቶን እስር ቤት ፈርቶ፣ አዘጋጁ አርሞ ከፈረመ በኋላ ሌሊት ከማተሚያ ቤቱ አለቃ ጋር ሆኖ ደፋር የመሰለውን ሁሉ ሲቆርጥና ረቂቁን ሲያቃጥል ኖሯል። ዲዴሮ አለቀሰ፤ ለአሳታሚው እጅግ የመረረ ደብዳቤ ጻፈለት። የተጎዳው የራሱ ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር፤ ነገር ግን ስማቸውንና ድካማቸውን አምነው የሰጡት ሰዎች ጽሑፍ በእርሱ እጅ ሥር ሳለ ተበላሸ። ለእነርሱ ምን ብሎ ይንገራቸው? መንገር ማለት ሥራውን ማፍረስ ነው፤ ዝም ማለት ደግሞ ከቆራጩ ጋር መተባበር ነው። ዲዴሮ በአደባባይ ዝም አለና ጨረሰው። ትክክል አደረገ ብሎ ለመፍረድ ይከብዳል፤ ዝምታው ግን ሰላም እንዳልሰጠው በኋላ ስለ ሥራው በመረረ ቃል መጻፉ ያሳያል።

አሥሩ ቅጾች የስዊስ ከተማ የኖይሻቴል ስም በሐሰት ተለጥፎባቸው ከ1765 ጀምሮ ወጡ፤ የሥዕሎቹ መጨረሻ ቅጽ በ1772 ተፈጸመ። በድምሩ 17 የጽሑፍና 11 የሥዕል ቅጾች ናቸው። መጀመሪያ በ280 ሊቭር አሥር ቅጽ ታገኛላችሁ የተባሉት ደንበኞች በመጨረሻ 980 ሊቭር ከፈሉ፤ በዚህ የተቆጣ አንድ ደንበኛም አሳታሚዎቹን ከሶ ዓመታት አከራከራቸው። ትርፉ የአሳታሚዎቹ ነበር። ዲዴሮ ለሴት ልጁ ጥሎሽ ሲቸገር በ1765 የመጻሕፍት ስብስቡን ለሩሲያ ንግሥት ለዳግማዊት ካትሪን ሸጠ፤ እርሷም መጻሕፍቱ በሕይወቱ ሳለ እርሱ ዘንድ እንዲቆዩ ፈቅዳ በጠባቂነት ደመወዝ ቈረጠችለት። በ1773 ለማመስገን እስከ ፒተርስቡርግ ተጓዘ። የሌሎችን ጽሑፍ ሲያሳትም የኖረው ሰው ከራሱ ድርሰቶች ዋና ዋናዎቹን ሳያሳትም ጁላይ 31 ቀን 1784 ፓሪስ ውስጥ ሞተ።

ሌብሬቶን የቆረጣቸው የእርማት ገጾች ግን ሁሉም አልተቃጠሉም። ራሱ ቆራጩ አንድ ቅጽ አድርጎ አስጠርዞ አስቀምጧቸው ኖሮ በሃያኛው መቶ ዓመት ተገኙ፤ ሁለት ተመራማሪዎችም በ1947 የተሰረዙትን ክፍሎች አትመው አወጧቸው። ከእነዚያ መካከል ዲዴሮ ስለ ሣራሴኖች የጻፈው ይገኛል።