ኤሳ ላሌ፦ በጋሞ ምድር መንገድ የጠረገ ሰው

ወንጌል ወደ ጋሞ እንዴት እንደ ገባ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከወላይታ ከመጡት ወንጌላውያን ነው። እነርሱን ማስታወሳችን ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ከእነርሱ በፊት ከዚሁ ከጋሞ ደጋ የተነሣ አንድ ሰው ነበር፤ ስሙም ኤሳ ላሌ ይባላል።

ኤሳ የተነሣው በ1910ዎቹ ዓመታት ነው። የምኒልክ ጦር ጋሞንና ወላይታን ካስገበረ ገና አንድ ትውልድ ያህል ነበር፤ ገበሬውም የገባርነት ቀንበር ተጭኖበት ነበር። በደጋው ላይ እንደ ብርብር ማርያም ያለ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ቢኖርም፣ አብዛኛው ሕዝብ በአባቶች ልማድ ይኖር ነበር። ጦሳ የሚባል የሰማይ አምላክ እንዳለ ያውቃል፤ በየቀኑ የሚፈራው ግን መናፍስትን ነበር። ሰው ሲታመም ወይም ዝናብ ሲጠፋ በግ ይታረዳል፣ ደም ይፈስሳል። ፍርሃቱ ግን በማግሥቱ ይመለሳል።

ኤሳ በዚህ ሕዝብ መካከል እየተዘዋወረ ሰበከ፤ ስብከቱም ከጋሞ አልፎ ወደ ወላይታ ተሻገረ። ሕዝቡ ለሰይጣን መሠዋቱን እንዲተው፣ ክፉ ሥራን እንዲጠላ፣ ጦሳን ብቻ እንዲለምን አስተማረ። የጸሎቱንም ሥርዓት አሳየ። በእሑድ ቀን የቤቱ አባወራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ወደ ሰማይ ይረጫል፤ ፈጣሪም ይቅር እንዲለው ይለምናል። ሥርዓቱ ይኸው ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ኤሳ ለፈጣሪ አዲስ ስም አላመጣም፤ ሕዝቡ የሚያውቀውን ስም ያዘ። አባወራው ስለ ቤተ ሰቡ መቆሙን አልሻረም፤ ወደ ጸሎት መለሰው። ማር በደጋው ቤት የሚገኝ ነገር ነው፤ ሰውም የሚያከብረውን እንግዳ የሚያስተናግድበት ነው። ባንድ ነገር ግን ምንም አላመቻመቸም። ለመናፍስት የሚፈስሰው ደም መቅረት ነበረበት። መንገዱን ከሕዝቡ ኑሮ ወሰደ፤ ፍርሃቱን ግን ከሥሩ ሊነቅል ተነሣ።

ብዙ ሰው ተከተለው። የሕዝቡ መነሣሣት ባለ ሥልጣኖቹን ስላሠጋቸው ተይዞ ታሰረ። እንቅስቃሴው ከዚያ በኋላ ቢቀዘቅዝም፣ የሰማዩን አምላክ የመለመን አሳብ ከሰው ልብ አልጠፋም።

በ1920 ዓ.ም. ዶክተር ላምቢና ጓደኞቹ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ወረዱ፤ በሶዶም የሚስዮን ጣቢያ ተከፈተ። በወላይታ የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። በ1929 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ምክንያት ሚስዮናውያኑ ሲወጡ የተጠመቁት 48 ብቻ ነበሩ። በስደቱ ዘመን ግን እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉት እየታሰሩና እየተገረፉ፣ ጣልያን ከወጣ በኋላ የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 እንደ ደረሰ ተገምቷል። ከእነዚህ መካከል ወንጌላውያን ተነሥተው ወደ ጋሞ መጡ። በእግራቸው መጡ፤ ቋንቋቸው ለጋሞኛ የቀረበ ነው፤ እንሰት እንደሚበላው ሕዝብ እንሰት በሉ። ጦሳ ብለው ሲሰብኩ ሰሚው ስሙን ያውቀዋል። ታሪኩን ያጠኑ ሰዎች ኤሳ መንገድ ጠራጊ ነበር የሚሉት ስለዚህ ነው።

በመካከላችን ኤሳን ሐዋርያ ሊያደርጉት የሚወድዱ አሉ። ማር የሚረጭ አረማዊ ነበር ብለው የሚንቁትም አሉ። ለእኛ ሁለቱም ትክክል አይመስለንም። ኤሳ ይቅርታ እንደሚያስፈልግ አስተማረ፤ ይቅርታው በማን ደም እንደ ተገኘ ግን አልነገረም። ይህን የነገሩት ከእርሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ጳውሎስ በአቴና ለማይታወቅ አምላክ የተሠራውን መሠዊያ ባየ ጊዜ አላፈረሰውም፤ ከዚያ ተነሥቶ ስለ ኢየሱስና ስለ ትንሣኤ ሰበከ። ወንጌላውያኑም በኤሳ ጸሎት ላይ እንዲሁ አደረጉ። ዛሬ በጉባኤያችን ማር የሚረጭ የለም። መስቀሉ ከታወቀ በኋላ ማሩ ሥራውን ጨርሷል።

ወገኖች ሆይ፤ ይህ ነገር እኛንም ይመለከታል። ከአርባ ምንጭ ወደ ደጋው ለአገልግሎት ስንወጣ የከተማውን ዝማሬ፣ የከተማውን አሰባበክ፣ የድምፅ ማጉያውን ሳይቀር ተሸክመን እንወጣለን። በአማርኛ ሰብከን ስንጨርስ አንዲት እናት አሜን ብላ ወደ ቤቷ ትገባለች። ሌሊት ልጇ ቢታመም ግን የት እንደምትሄድ አንጠይቅም። እንግዲህ ስብከታችን አልደረሰላትም ማለት ነው። የእኛም ማጉያና ዝማሬ እንደ ኤሳ ማር ናቸው፤ ሲጠቅሙ እንያዛቸው፣ ሲያደናቅፉ እንተዋቸው። የማይለወጠው ጌታ ብቻ ነው።

ኤሳ ያላወቀውን ስም እኛ አውቀናል። እርሱ ባወቀው ጥቂት ነገር ይህን ያህል ከደከመ፣ ብዙ የተሰጠን እኛ ምን ያህል ልንደክም ይገባናል? ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።