ይድነቃቸው ተሰማ፦ ተጫዋችን በሜዳ ሥራው የመዘኑ ሰው

ጎንደር ፒያሳ ላይ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾች ዝርዝር በወጣ ቁጥር የቡና ቤቱ ክርክር ያው ነው። እከሌ ለምን ተጠራ? እከሌስ ለምን ቀረ? ከፋሲል ከነማ ስንት ገባ? ከአዲስ አበባ ክለቦችስ? ፋሲል በ2013 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣ ክለብ ነውና ደጋፊው ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጥያቄው ግን ከፋሲል ዋንጫ በእጅጉ ይቀድማል። ለመሆኑ ተጫዋች በምን ይመዘናል? በፍጥነቱ? በቁመናው? በክለቡ ስም? ወይስ በትውልዱ? ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ሰጥተው ያለፉት ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ጅማ ውስጥ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ከኢትዮጵያውያን ቀዳሚ የሆኑት ገጣሚና ድምፃዊ ነበሩ። ልጅየው ግን ልባቸው ወደ ኳስ አደላ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። የክለቡን ማሊያ አንዴ ካጠለቁ በኋላ ለ23 ዓመታት ያህል አላወለቁትም።

ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ስፖርቱንም በዘር ከፈለው። ነጩ ከነጭ፣ ጥቁሩ ከጥቁር ብቻ እንዲጫወት ሆነ። ጊዮርጊስም ስሙ ተቀይሮ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ። እንግዲህ ወጣቱ ይድነቃቸው ሰው በችሎታው ሳይሆን በቆዳው ሲመዘን ምን ማለት እንደሆነ በራሳቸው ላይ አዩት። ከነፃነት በኋላ የመጀመሪያውን የስፖርት ጽሕፈት ቤት አቋቋሙ፤ የጨዋታውንም ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ። በ1936 ዓ.ም የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ ተፎካካሪዎቹ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ቡድንና የእንግሊዝ ወታደሮች ነበሩ። 

ብሔራዊ ቡድኑ ላይ ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። በ1949 ዓ.ም ካርቱም ላይ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 ረታች። በ1951 ዓ.ም ካይሮ ላይ ደግሞ አሁንም 4 ለ 0! ሦስተኛው ዋንጫ በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ነበሩ። በገዛ ሜዳ፣ በንጉሡ ፊት፣ ሁለቴ ስምንት ጎል ካገባብን ቡድን ጋር መገናኘት ሊመጣ ይችላል። ማንን ይዘው ይግቡ?

የያዙት ከአስመራም ከአዲስ አበባም የተውጣጣ ስብስብ ነበር። ከመካከላቸው ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱት ወንድማማቾች ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ ይገኙበታል። ሉቺያኖ እንዲያውም አምበል ነበር። ከወረራው ማብቃት በኋላ 20 ዓመት ብቻ ነው ያለፈው፤ የጣሊያን ስም ብዙ ጆሮ ይቆረቁር ነበር። አንዳንድ ባለሥልጣናት ዋንጫውን ከንጉሡ እጅ ክልስ አምበል እንዳይቀበል ፈልገው እንደነበርና ይድነቃቸው በፍጹም እንዳሉ ሲነገር ኖሯል። የእሳቸው ሚዛን ግልጽ ነበር፤ አምበልነቱን በሜዳ ሥራው ያገኘ ሰው በአባቱ ስም አይቀማም።

ቱኒዚያ በግማሽ ፍጻሜው 4 ለ 2 ተሸኘች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም የፍጻሜው ተጋጣሚ ያው ግብፅ ሆነች። በዳዊ በ35ኛው ደቂቃ መረቡን ነካ። ግርማ ተክለ በ74ኛው አቻ ሲያደርግ ስታዲየሙ ጨፍሮ ሳያበቃ በ75ኛው በዳዊ ደገመ። አለቀ ሲባል ሉቺያኖ በ84ኛው ደቂቃ አገናኘ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ ወርቁ በ117ኛው አስቆጠሩና 4 ለ 2 ተፈጸመ። ልብ በሉ፣ ከአራቱ ጎሎች ሁለቱ የቫሳሎ ወንድማማቾች ናቸው። በስማቸው ምክንያት ቢቀሩ ኖሮ ዋንጫው የት ይደርስ ነበር? ሉቺያኖ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ሌላ የአፍሪካ ዋንጫ አላነሣችም።

ያንኑ ሚዛን ይዘው አህጉር ወጡ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አንዱ ነበሩ፤ ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ ቡድን እልካለሁ ስትል ከመጀመሪያው ውድድር ቀረች። ከ1964 ዓ.ም ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው በፕሬዚዳንትነት ሲመሩም ከአፓርታይድ ጋር መታገላቸውን አልተዉም። በ1968 ዓ.ም ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ሲያባርር ከትግሉ ግንባር ቀደሞች አንዱ እሳቸው ነበሩ።

ያልተሳካላቸውም አለ። የአፍሪካ ምርጥ ልጆች ገና ሳይበስሉ ወደ አውሮፓ ክለቦች መጉረፋቸው ያንገበግባቸው ነበር። አህጉሩ ልጆቹን ይዞ ትልቅ ደረጃ ይድረስ፣ አለበለዚያ ለሌላው ጥሬ ዕቃ አቅራቢ ሆኖ ይቀራል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ለአፍሪካ ዋንጫ ከባሕር ማዶ ከሁለት በላይ ተጫዋች መጥራትን የሚከለክለው ደንብ ግን እ.ኤ.አ. በ1982 በእሳቸው ዘመን ተነሣ። ገበያው አሸነፈ። ዛሬ የአውሮፓ መልማዮች የአፍሪካን ታዳጊ በልጅነቱ አይተው ይወስዱታል።

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በ65 ዓመታቸው አረፉ። ዝርዝር በወጣ ቁጥር የሚነሣው ክርክር መልካም ነው፤ ደጋፊ ያልጠየቀው መራጭ ይሰንፋል። ግን ጥያቄው ልጁ የማን ነው፣ ከየት መጣ ከሆነ ተበላሸ። ይድነቃቸው የሚጠይቁት ሌላ ነበር። ኳሷ እግሩ ስትገባ ምን ያደርጋታል?