ቀለም የገለጠው ሕዋስ

ዶክተር ፓውል ኤርሊኽ እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. ዛሬ በፖላንድ ግዛት በምትገኘው በሽትሬለን ከተማ ተወለዱ። ገና ተማሪ ሳሉ የጨርቅ ማቅለሚያዎችን በሕዋሳት ላይ መሞከር የዘወትር ሥራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1878 ለዶክትሬት ባቀረቡት ጽሑፍ ማስት ሴልን አስታወቁ። በዓመቱም ኢኦሲን በተባለው ቀለም ቀልቶ የሚታየውን ነጭ የደም ሕዋስ ለይተው ኢኦሲኖፊል አሉት። ማስት ሴልን ግን በምግብ የደለበ ሕዋስ አድርገው በመገመታቸው፣ በጀርመንኛ ያወጡለት ስም ስሕተቱን ይዞ ቀረ።

የ1908ን የኖቤል ሽልማት ከኢሊያ ሜችኒኮፍ ጋር ተካፍለው በ1915 ሲያርፉ፣ ሁለቱ ሕዋሳት በአለርጂ ያላቸው ድርሻ ገና በቅጡ አልተገለጠም ነበር። ኢኦሲኖፊል በአጥንት መቅኒ ውስጥ እንዲያድግና እንዲበዛ የሚያዝዘው ኢንተርሉኪን-5 የተባለው ፕሮቲን መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። ይኸው ትእዛዝ በብዙ የአስም ሕመምተኞች ዘንድ ከልክ አልፎ የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣል፤ ትል ወደ ሰውነት ሲገባም የሚሰጠው ትእዛዝ እርሱው ነው።

ስለዚህ ኮሶ የትል መድኃኒት ሆኖ በኖረበት በዋግ ኽምራ ደጋ፣ ሰቆጣ ላይ ቀያይ ቅንጣቶች የሞሉበትን ሕዋስ በማይክሮስኮፕ የሚቆጥር ባለሙያ፣ መብዛቱ ከአለርጂ ይሁን ከትል መመርመር ይኖርበታል። ቀለም ሕዋሱን ያሳያል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ይህም ኤርሊኽን ራሳቸውን ያሳሳተ ጉዳይ ነው።