ዐፄ ልብነ ድንግልና የአምባሰል ትምህርት

አገርን በጦር መያዝና አገርን መግዛት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ይህንም ከሚያስረዱት የታሪካችን ምስክሮች አንዱ የዐፄ ልብነ ድንግል ሕይወት ነው፤ በጦር ሜዳ ደጋግመው ድል ሲኾኑ፥ አገራቸውን ለያዘው ሠራዊት ግን ሳይገዙ ሞተዋልና።

ልብነ ድንግል የዐፄ ናዖድ ልጅ ናቸው። በ1500 ዓ.ም. ዙፋኑን ሲወርሱ ዕድሜያቸው 12 ዓመት ያኽል ስለ ነበረ፥ የመንግሥቱን ሥራ ብልኋ ንግሥት እሌኒ ይመሩላቸው ነበር። እሌኒም በባሕር በኩል ሊመጣ የሚችለውን አደጋ አስቀድመው ተመልክተው ማቴዎስ የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ። የመልሱ መልእክተኞች በ1512 ዓ.ም. ደርሰው 6 ዓመት ያኽል በአገራችን ቢቀመጡም፥ ለጦር የሚረዳ ነገር ሳይፈጸም ተመለሱ። ወጣቱ ንጉሥ በ1509 ዓ.ም. አሚር ማሕፉዝን ድል አድርገው ነበርና፥ በራሳቸው ኀይል እጅግ ይታመኑ ነበር። ድል ያኮራው ሰው ረዳት መሻት ይከብደዋል።

በመጋቢት 1521 ዓ.ም. ግን የአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በሽምብራ ኩሬ የንጉሡን ታላቅ ሠራዊት ሰበሩ። የኢማሙ ወታደሮች ምርኳቸውን ይዘው ወደ አገራቸው ለመመለስ ስለ ፈለጉ ያን ጊዜ ወደ ኋላ ሄዱ፤ ከ2 ዓመት በኋላ ግን የመጡት ዘርፎ ለመመለስ ሳይኾን አገሩን ይዞ ለመቀመጥ ነበር። በሐምሌ 1523 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ ንጉሡም ወደ ቤተ አምሐራ አፈገፈጉ።

በዚያን ጊዜ ተስፋ የተጣለበት የአምባሰል ተራራ ነበር። ገደሉ የቆመ፥ መውጫው የጠበበ በመኾኑ ጠላትን ያግዳል ተብሎ ይታሰብ ነበር። ነገር ግን በጥቅምት 1524 ዓ.ም. መጨረሻ በአምባሰል በተደረገው ውጊያ የንጉሡ ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሡም ለጥቂት አመለጡ። ከዚህ በኋላ ቤተ አምሐራ ለኢማሙ ሠራዊት ተከፈተ። መካነ ሥላሴ ተቃጠለች፤ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ለብዙ ዘመን ያከማቸው ሀብት ተወሰደ።

እንግዲህ ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር፤ ዳሩ ግን የያዢው ጭንቀት የተዠመረው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያው በአምባሰል አገር የነገሥታቱ ልጆች የሚጠበቁበት አምባ ግሸን ሲጠቃ ዓመታት ኹሉ ሳይደፈር ቆየ። አምባውን ለመክበብ ብዙ ጦር ቢቆም ንጉሡን የሚያሳድድ ይጐድላል፤ ኹሉም ንጉሡን ለማሳደድ ቢወጣ፥ በየአውራጃው የተሾመው ሹም ብቻውን ይቀራል። ሠራዊቱ ስንቁን ከገበሬው ጐተራ ስለሚወስድ፥ የበላበት አገር ጠላቱ ይኾናል፤ ዛሬ በፍርሀት የገበረው ሰው ጦሩ ሲርቅ ነገ ይሸፍታል። ከ4 መቶ ዓመት በኋላም በ1928 ዓ.ም. ደሴን የያዘው የኢጣልያ ጦር፥ በመኪናና በአውሮፕላን እየተረዳ እንኳ ከከተማና ከመንገድ ርቆ ሲሄድ በየዱሩ ያገኘው ችግር ይኸው ነበር።

ስለ ንጉሡ ስንናገር ግን ያልተሸነፈ ልባቸውን ብቻ አመስግነን ዋጋውን ብንሸሽግ እውነት አይኾንም። ከአምባ ወደ አምባ ሲሰደዱ፥ የበኵር ልጃቸው ፊቅጦር በ1529 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ልጃቸው ሚናስ በ1531 ዓ.ም. ተማረኩ፤ በ1532 ዓ.ም. ግሸን ተይዞ በዚያ የነበሩት የነገሥታት ዘሮች ተፈጁ። ኢማሙ ልጅዎን ይዳሩልኝና እንታረቅ ብለው ቢልኩባቸውም እንቢ ማለታቸው በዜና መዋዕል ይተረካል። የዚህ እንቢታ ዕዳ የወደቀው ግን በንጉሡ ላይ ብቻ አይደለም፤ አሳዳጁንም ተሳዳጁንም የሚቀልበው ገበሬ ነበር። አስቀድሞ በሰላም ዘመን ወዳጅና መሣሪያ ባለመዘጋጀቱ፥ ሕዝቡ በመከራ ዘመን እጥፍ አድርጎ ከፈለ።

ዐፄ ልብነ ድንግል መስከረም 5 ቀን 1533 ዓ.ም. በደብረ ዳሞ ዐረፉ። በስደት ሳሉ ወደ ፖርቱጋል የላኩት የርዳታ ልመና ፍሬ ያፈራው ከሞቱ በኋላ ነው፤ በሐምሌ 1533 ዓ.ም. 400 ያኽል ወታደሮች ከምጽዋ ተነሡ። ልጃቸው ዐፄ ገላውዴዎስም ከእነዚህ የተረፉትን ይዘው፥ በየካቲት 1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ድል አደረጉ። ኢማም አሕመድ በዚያ ሲወድቁ ሠራዊታቸው ወዲያው ተበተነ፤ ያን ኹሉ ዓመት የተያዘው አገር የቆመው በአንድ ሰው ሰይፍ ላይ እንጂ በሕዝብ ፈቃድ ላይ እንዳልነበረ ታወቀ።

ዛሬ በሐይቅ ዳርና በአምባሰል ሥር ክርስቲያኑና እስላሙ ተጋብቶና ተዋልዶ፥ በደስታና በኀዘን አብሮ ይኖራል። ያ ጦርነት ያልቻለውን ጉርብትና ችሎታል። ስለዚህ የዚህን ንጉሥ ታሪክ የምናነበው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ ባለ ጦር የኾነ ኹሉ አምባ መያዝ ልብ መያዝ እንዳልኾነ እንዲያስብ፥ አገር የሚጠብቅም ረዳቱንና ወዳጁን አደጋው ሳይደርስ እንዲያዘጋጅ ነው።