ኤሊ ሜችኒኮፍ፦ የጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጥናት ፈር ቀዳጅ

ኤሊ ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1845 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ በካርኪቭ ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። በካርኪቭ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ተምረው በእንስሳት ጥናት ሊቅነታቸው ታወቁ።

እ.ኤ.አ. በ1882 በጣሊያን፣ መሲና ከተማ ሳሉ ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ አካል ውስጥ እሾህ ሰኩ። በማግስቱ በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ ተንቀሳቃሽ ሕዋሳት እሾሁን ከበውት አገኙ። ከዚህ በመነሣትም ሰውነት ወራሪ ተሕዋስያንን ውጠው የሚያጠፉ ሕዋሳት እንዳሉት አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1888 ፓሪስ በሚገኘው የፓስተር ተቋም ሥራ ጀመሩ፤ በ1908 ደግሞ ስለ በሽታ መከላከል ባደረጉት ምርምር ከጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በኋለኛው ዘመናቸው ትኩረታቸው ወደ አንጀት ባክቴሪያዎች ዞረ። ወተትን የሚያረጉ ባክቴሪያዎች ጎጂዎቹን እንደሚገቱ በማመን የረጋ ወተት አዘውትረው ይጠጡ ነበር። ሆኖም ጥሬ ወተት በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ሊይዝ ስለሚችል፣ ወተቱ ተፈልቶ በንጹሕ የባክቴሪያ እርሾ እንዲረጋ ይመክሩ ነበር። በዚያው ተቋም የሚሠሩት ሐኪም ሄንሪ ቲሲዬም የእናት ጡት በሚጠቡ ሕፃናት ሰገራ ውስጥ ቢፊዶባክቴሪያ የተባለውን ጠቃሚ ባክቴሪያ አገኙ። ሜችኒኮፍ እ.ኤ.አ. በ1916 በ71 ዓመታቸው ፓሪስ ውስጥ አረፉ።

የረጋ ወተት ዕድሜን ያረዝማል የሚለው እምነታቸው በማስረጃ አልጸናም። የጀመሩት ሐሳብ ግን ዛሬ ፕሮባዮቲክ በሚባሉት፣ ለጤና ጥቅም ተብለው በሚሰጡ ሕያው ተሕዋስያን አማካይነት ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ሕክምና ዘንድ ደርሷል። እነዚህ ሕፃናት የአንጀት ክፍል ተቆጥቶ በሚሞትበት ከባድ ሕመም ይጠቃሉ፤ ጥናቶችም አንዳንድ ፕሮባዮቲኮች ይህን ሕመም ሊቀንሱ እንደሚችሉ ያመለክታሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር፣ ከ32 ሳምንት እርግዝና በፊት ተወልደው የሰው ጡት ወተት ለሚመገቡ ሕፃናት ፕሮባዮቲክ መስጠት ሊታሰብ እንደሚችል ገልጿል።

ስጋቱ የሚመነጨው ሜችኒኮፍ ራሳቸው ካጠኑት የሰውነት መከላከያ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን መከላከያ ገና ስላልጠነከረ፣ ለሌላው ጠቃሚ የሆነው ባክቴሪያ ከአንጀት አልፎ ወደ ደም ሊገባና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ክብደቱ ከ1,000 ግራም በታች የነበረ ሕፃን በዚህ ምክንያት መሞቱን ጠቅሶ የጤና ባለሙያዎችን አስጠንቅቋል። ምርቱ በሌላ ተሕዋስ ከተበከለም አደጋው የከፋ ይሆናል።

ስለሆነም ወላጆች ከመድኃኒት ቤት ወይም ከገበያ የተገዛ ፕሮባዮቲክ፣ እንዲሁም እርጎ፣ ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን በራሳቸው ውሳኔ ሊሰጡ አይገባም። ውሳኔው የሕፃኑን ክብደትና የጤና ሁኔታ የሚከታተለው ሐኪም ነው። ወላጆች ምርቱ ለምን እንደታዘዘ፣ ምን ስጋት እንዳለውና ሕፃኑ እንዴት ክትትል እንደሚደረግለት የመጠየቅ መብት አላቸው። የእናት ጡት ወተት ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚመከር የሕፃኑ ምግብና መከላከያ ነው።